ሳይለመን የማይነገር፦ ከቦድጋያ እስከ ሳርናት የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጋያ

ከዴሊ ተነስቶ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረው ባቡር ጋያ የደረሰው ከተባለው ሰዓት በጣም ዘግይቶ ነው። በጥር የሰሜን ሕንድ ሜዳ ጭጋግ ይለብሳል፤ ባቡሮቹም እየተጠባበቁ ነው የሚሄዱት። ከጣቢያው ቦድጋያ ድረስ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኛም አገር መንገዱን በሞላው ዓይነት ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። የስንዴ ማሳ፣ የጡብ ማቃጠያ ጭስ፣ ከዚያ በኋላ የየአገሩ ገዳማት ጣሪያ እየተከታተለ መጣ፦ የታይላንድ፣ የቡታን፣ የጃፓን፣ የበርማ።

ወደዚህ ያመጣኝ ከቡድሃ ታሪክ ውስጥ አልፌው መሄድ ያቃተኝ አንድ ቦታ ነው። ሲድሃርታ ጎታማ ለዓመታት የፈለገውን እውነት ካገኘ በኋላ ለማንም ሳይናገር ዝም ሊል ነበር። ያስተማረው ስለተለመነ ነው። 2500 ዓመት ገደማ የዘለቀ፣ የእስያን ግማሽ ያዳረሰ ትምህርት ሁሉ ከአንድ ልመና ጀመረ ማለት ነው። ቡድሂስቶች ለዚህ ልመና በሳንስክሪት ስም አውጥተውለታል፦ አድዬሻና። ከተለመነበት ቦታ ተነስቼ እስከ ተናገረበት ቦታ ድረስ ለመሄድ አስቤያለሁ።

ማክሰኞ፣ ቦድጋያ

ወደ ማሃቦዲ ቤተ መቅደስ ሲገባ ስልክ በር ላይ ይተዋል፤ ጫማም ይወልቃል። ድንጋዩ በጠዋት እንደ በረዶ ነው። ግንቡ ከ50 ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጀርባው ቡድሃ ሥሩ ተቀምጦ የነቃበት፣ ማለትም እውነትን ያገኘበት የሚባለው ዛፍ አለ። አሁን የቆመው ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተተከለ ነው፤ ሰዉ ግን ቅጠል በወደቀ ቁጥር ሲሻማ ማየት ልብ ይነካል። በአጸዱ ዙሪያ የቲቤት ተሳላሚዎች ከፊታቸው ጣውላ ዘርግተው ይሰግዳሉ፤ በደረታቸው ተኝተው፣ ተነስተው፣ እንደገና። ጣውላው በእጃቸው ብዛት ተልጓል።

ብዙው ጎብኚ በቀጥታ ወደ ዛፉ ስለሚሄድ እኔ የፈለግሁትን ቦታ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ከምሥራቁ መግቢያ ደረጃውን ሲወርዱ አንድ የድንጋይ ምሰሶ አለ፤ አጃፓላ የተባለው ዛፍ የነበረበትን ቦታ ያመለክታል። አጃፓላ የፍየል እረኛ ማለት ነው፤ እረኞች በጥላው የሚያርፉበት የባንያን ዛፍ ነበር ይባላል። ባንያን ከእኛው ዋርካ ጋር አንድ ወገን ነው። በትውፊቱ መሠረት ቡድሃ ከነቃ በኋላ ሳምንታትን በዚህ አካባቢ አሳልፏል፤ ልመናውም የቀረበለት እዚህ ጥላ ሥር፣ በኔራንጃራ ወንዝ ዳር ነው።

በፓሊ ቋንቋ የተጠበቀው ትረካ እንዲህ ይላል። ቡድሃ ብቻውን ተቀምጦ አሰበ፦ ያገኘሁት ነገር ጥልቅ ነው፤ ለማየት ያስቸግራል፤ ሰዉ ደግሞ በሚወደው ነገር ተጠምዷል። ባስተምርና ባይገባቸው ድካም ብቻ ይተርፈኛል። ልቡም ወደ ዝምታ አዘነበለ። ይህን ያወቀው አምላክ፣ ብራህማ ሳሃምፓቲ፣ «ዓለም ጠፋ!» አለ፤ ብርቱ ሰው የታጠፈ ክንዱን እስኪዘረጋ ባለ ፍጥነት ከሰማይ ወርዶ ከፊቱ ቆመ። ኩታውን በአንድ ትከሻው ላይ አድርጎ ቀኝ ጉልበቱን መሬት አስነካ፤ እጆቹንም አጋጥሞ «በዓይናቸው ላይ ጥቂት አቧራ ብቻ ያለባቸው ፍጥረታት አሉ፤ ባለመስማታቸው ይጠፋሉ፤ የሚረዱም ይገኛሉ» ሲል ለመነ። በገዳማዊው ሕግ መጽሐፍ እንደተጻፈው እስከ ሦስት ጊዜ ነው የለመነው።

ቡድሃ ያን ጊዜ ዓለምን ተመለከተ። የሎተስ ኩሬ ታየው፦ አንዳንዱ አበባ ከውኃ በታች የቀረ፣ አንዳንዱ ከውኃው ልክ የደረሰ፣ አንዳንዱ ከውኃው በላይ ወጥቶ ጠብታ እንኳ ያልነካው። ወደ አለመሞት የሚያስገባው በር ተከፈተ፣ ጆሮ ያላቸው ይስሙ ብሎ ተነሣ።

ከምሶሶው አጠገብ ብዙ ተቀመጥኩ። ብራህማ ለራሱ አንዲት ነገር አልጠየቀም። በጥንት ሕንድ እምነት ታላቅ የሆነ አምላክ ነው፤ የጎደለው የለም። ተንበርክኮ የለመነው ለማያውቃቸው ሰዎች ነው፤ አብዛኞቹም ገና አልተወለዱም። ቡድሂስቶችም ይህን ቦታ ሲያነቡ የሚያደንቁት አስተማሪውን ብቻ አይደለም። ለማኙንም እንደ ትልቅ ሰጪ ይቆጥሩታል። ለእኔ ይህ አዲስ ነው፤ በልጅነቴ ለማኝ ሁልጊዜ ተቀባይ ነበር።

ረቡዕ፣ ቦድጋያ

ጠዋት በታይላንድ ገዳም ስብከት እንደሚኖር ሰምቼ ሄድኩ። መነኩሴው በከፍታ ወንበር ላይ ተቀምጠው በፊታቸው ማራገቢያ ይዘው ዝም ብለዋል። እኛም ዝም። ከምእመናኑ አንድ አዛውንት ተንበርክከው በዜማ ጀመሩ፦ «ብራህማ ቻ ሎካዲፓቲ ሳሃምፓቲ...»። የትናንቱ ብራህማ ነው! የዓለሙ ጌታ ሳሃምፓቲ እጆቹን አጋጥሞ እንዲህ ሲል ለመነ፣ አቧራቸው ጥቂት የሆነ ፍጥረታት አሉና ለዚህ ሕዝብ ራርተህ አስተምር የሚል አጭር ግጥም ነው። ታይላንዶች ይህን ልመና አራታና ይሉታል። ዜማው ሲያልቅ ነው መነኩሴው አፋቸውን የከፈቱት። በየስብከቱ አንድ ተራ ምእመን በብራህማ ቦታ ይንበረከካል ማለት ነው።

አምስቱ ትእዛዛትም እንዲሁ ናቸው። መግደልን፣ መስረቅን፣ ዝሙትን፣ ሐሰትን፣ ስካርን ለመተው የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ትእዛዛቱ እንዲሰጡት በፓሊ ይለምናል፤ ከዚያ «ለሁለተኛ ጊዜ» ብሎ ይደግማል፣ «ለሦስተኛ ጊዜ» ብሎ ይሠልሳል። በላዩ የሚጭንበት የለም።

ከስብከቱ በኋላ እንግሊዝኛ የሚናገሩ አንድ ወጣት መነኩሴ አገኘሁ። መነኩሴ በአክብሮት በሚጠራበት ቃል «ባንቴ፣ ሳትለመኑ ብታስተምሩ ምን ይመጣል?» አልኳቸው። የመነኮሳት ሥርዓት ውስጥ ስለ ማስተማር የተጻፉ 16 ጥቃቅን ደንቦች አሉ አሉኝ። ጃንጥላ ለያዘ ሰው አይሰበክም። በትር፣ ቢላዋ ወይም መሣሪያ ለያዘም እንዲሁ። ጫማ ለተጫማ፣ በተሽከርካሪ ላይ ላለ፣ ለተኛ፣ መነኩሴው መሬት ተቀምጦ እሱ ወንበር ላይ ለሆነ፣ መነኩሴው ቆሞ እሱ ለተቀመጠ፣ ከፊት ከፊት ለሚሄድ። የታመመ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ለአስተማሪ ክብር የወጣ ደንብ መሰለኝና ይህንኑ ተናገርኩ። «ለሰሚው ነው» አሉኝ። «ጃንጥላ የያዘ ሰው እየሄደ ነው። የሄደ ሰው ምኑን ይሰማል?»

ከሰዓት በኋላ ለውጭ አገር ሰዎች በሚሰጥ የቲቤት ትምህርት ላይ ተቀመጥኩ። በቲቤት ገዳማት ከእያንዳንዱ ትምህርት በፊት ሰባት ክፍል ያለው ጸሎት ይባላል። ስግደት፣ መባ፣ ኑዛዜ፣ በሌላው በጎ ሥራ መደሰት፣ ከዚያ አድዬሻና፣ ከእሱ ቀጥሎ ያቻና፣ በመጨረሻም የተገኘውን በጎነት ሁሉ ለፍጥረት ሁሉ ማበርከት። አስተማሪው፣ በዕድሜ የገፉ መነኩሴ፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ላይ ሰዓቱን ሁሉ ፈጁ፤ ደስ አለኝ።

አድዬሻና መምህሩ እንዲናገር መለመን ነው። ያቻና ደግሞ መምህሩ እንዳይሄድ፣ ከዓለም እንዳያልፍ መለመን። በአንድ ጥንታዊ የሳንስክሪት ጸሎት ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፦ በዐሥሩም አቅጣጫ ያላችሁ የዓለም መብራቶች፣ ከሁሉ የሚበልጠውን መንኮራኩር እንድታዞሩ እለምናለሁ፤ ለማለፍ የምትፈልጉትንም እጆቼን አጋጥሜ እማጸናለሁ፣ በምድር ያለውን ትቢያ ያህል ዘመን ኑሩ። መንኮራኩር ማዞር ማስተማር ነው። በቲቤቶች ትረካ ልመናው ከስጦታ ጋር ነው የቀረበው፦ ብራህማ ሺህ ዘንግ ያለው የወርቅ መንኮራኩር፣ ሌላው አምላክ ኢንድራ ደግሞ ነጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊት መለከት ይዘው መጡ። በየገዳሙ ጣሪያ ላይ የሚታየው መንኮራኩር ነገሩ ይኸው ነው።

ያቻናን ያልለመነ ሰው ታሪክም ነገሩን። ቡድሃ በስተርጅና በቫይሻሊ ሳለ የቅርብ አገልጋዩን አናንዳን ሦስት ጊዜ በጥቆማ ነገረው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከፈለገ ዕድሜው ሊረዝም ይችላል አለ። አናንዳ አልገባውም፤ ኑርልን አላለም። በኋላ ሲለምን ጊዜው አልፎ ነበር። ይህን ሲተርኩ የሽማግሌው ድምፅ ከፍ አለ። «ሃያ አምስት ዓመት አብሮት ኖሮ አልለመነም» አሉ።

ማታ በማስታወሻዬ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ጻፍኩ። የቡድሃን ሕይወት በሳንስክሪት የሚተርከው ላሊታቪስታራ የብራህማን ልመና የያዘውን 25ኛውን ምዕራፍ የሰየመው አድዬሻና ብሎ ነው። የሰዋስው ሊቁ ፓኒኒም ከቡድሂዝም ውጭ ሆኖ ለዚሁ ሥር ቦታ ሰጥቶታል። የግስ አንድ ቅርጽ የሚያገለግልባቸውን ነገሮች ሲቆጥር ትእዛዝን፣ ግብዣን፣ ፈቃድን፣ ጥያቄንና ምኞትን ለየብቻ አድርጎ ከመካከላቸው በአክብሮት የሚቀርብን ልመና ለብቻው ያስቀምጣል። ተንታኞቹ የሰጡት ምሳሌ «ልጁን ተቀብለው ያስተምሩልን ዘንድ እንለምንዎታለን» የሚል ነው። እዚያም ለማኙ ለሌላ ሰው ነው የሚለምነው።

ሐሙስ፣ ራጅጊር

ከቦድጋያ በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው። ራጅጊር በኮረብታ የተከበበች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ የማጋዳ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ብዙው ሰው በተንጠልጣይ ወንበር ወደ ነጩ የሰላም ስቱፓ (የቡድሂስቶች የመታሰቢያ ጉልላት) ይወጣል። እኔ ንጉሥ ቢምቢሳራ አስጠርጎታል በሚባለው መንገድ ወደ ግሪድራኩታ፣ ወደ ጥንብ አንሣ ኮረብታ ወጣሁ። አናቱ ላይ ትንሽ የጡብ መሠረት፣ የተሳላሚዎች ዕጣንና የወርቅ ወረቀት አለ።

የሎተስ ሱትራ የተባለው የቡድሂስቶች ቅዱስ መጽሐፍ የተነገረው እዚህ ነው ይባላል። ታሪክ አጥኚዎች ጽሑፉ ከቡድሃ ዘመን ብዙ ቆይቶ የተዘጋጀ መሆኑን ይናገራሉ፤ እዚያ ያገኘኋቸው የጃፓን ተሳላሚዎች ግን በዚያው ድንጋይ ላይ ሆነው ሲያነቡት ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። በሁለተኛው ምዕራፍ ደቀ መዝሙሩ ሻሪፑትራ አስተምረን ይላል። «ተው፣ መናገሩ አይበጅም» ይለዋል ቡድሃ። እንደገና ይለምናል፤ እንደገና ይከለከላል። ሦስተኛ ጊዜ ሲለምን «ሦስቴ ከለመንክ እንዴት አልናገርም?» ተባለ። በዚያ ቅጽበት ከጉባኤው 5000 ሰዎች ተነሥተው ሰግደው ወጡ፤ ያላወቁትን ያወቁ መስሏቸው ነው። ቡድሃ አላስቆማቸውም።

ይህ ክፍል ብዙ ሰው ያስቸግራል፤ መምህር ለምን ተማሪውን ያስለፋል ይባላል። እኔ እዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው ከሦስቱ ልመናዎች መካከል የተቀየረው ጉባኤው ነው። ሻሪፑትራ ሁለት ጊዜ እንቢ ሲባል ሌላው ሁሉ ሰምቷል። ለመስማት የቆረጠውና ያልቆረጠው እስኪለይ ጊዜ ተገኘ። እኛም ዘንድ የበረሃ አባቶች ታሪክ ውስጥ ወንድሙ ረጅም መንገድ ሄዶ «አባ፣ የምድንበትን ቃል ንገረኝ» ይላል፤ አባ ደግሞ አንዳንዴ ዝም ይላል። ያም ዝምታ ንፉግነት ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዓርብ፣ ናላንዳ

ናላንዳ ሰፊ ናት። ቀይ ጡብ፣ የመነኮሳት ክፍሎች በየረድፉ፣ የተቃጠለ ግድግዳ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ተመሥርታ ለመቶዎች ዓመታት የተማረባት፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይና መነኩሴው ሹዋንዛንግ መጥቶ የተማረባት ገዳም ናት፤ በ2016 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች።

በ8ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ስለኖረው ሻንቲዴቫ የቲቤት ጸሐፊዎች የሚተርኩትን ታሪክ ከእነዚህ ክፍሎች በአንዱ ደጃፍ ሆኜ አነበብኩ። መነኮሳቱ ይንቁት ነበር፤ መብላት፣ መተኛትና መጸዳዳት ብቻ የሚያውቅ ነው ይሉታል። ሊያባርሩት ስለፈለጉ በጉባኤ ፊት ትምህርት እንዲያሰማ ለመኑት። መወጣጫ ደረጃ የሌለው ከፍ ያለ ዙፋን ሠሩለት። እሱ ወጥቶ ተቀመጠና «የታወቀውን ልንገራችሁ ወይስ ያልተሰማውን?» ሲል ጠየቀ። ያልተሰማውን አሉት። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚጠናውን፣ የቦዲሳትቫን (ለፍጥረት ሁሉ ሲል ለመንቃት የሚተጋውን ሰው) መንገድ የሚያስተምረውን ግጥም ከመጀመሪያው ጀምሮ በቃሉ አወረደው። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ አካሉ ከዙፋኑ ወደ አየር ከፍ እያለ ሄደ፣ በመጨረሻም ድምፁ ብቻ ተሰማ ይላሉ።

የለመኑት በክፋት ነበር። ልመናው ግን ልመና ሆኖ ተቆጠረ፤ የተሰጠውም ሳይቀነስ ተሰጠ። በዚያው ግጥም ሦስተኛ ምዕራፍ ውስጥ ሻንቲዴቫ ራሱ ለማኝ ይሆናል፦ በየአቅጣጫው ያሉትን የነቁ ሁሉ እጆቼን አጋጥሜ እለምናለሁ፣ በመከራ ጨለማ ለሚደናበሩት የዳርማን፣ የትምህርቱን፣ መብራት ያብሩላቸው። ከሚያላግጡበት ሰዎች መካከል የኖረ ሰው ይህን ለእነሱም ጭምር እንደጻፈው ሳስብ ከደጃፉ ለመነሣት ከበደኝ።

ቅዳሜ፣ ባቡር ላይ

ከጋያ ወደ ቫራናሲ አቅጣጫ። ዴህሪ ላይ ባቡሩ የሶንን ወንዝ ይሻገራል፤ ድልድዩ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከታች አሸዋና በጭጋግ የተከፈለ ውኃ። ቡድሃ ይህን አገር፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በእግሩ ሄዶታል።

ገና ከጋያ ሳይርቅ አንድ መንገደኛ አገኘው፤ ኡፓካ የሚባል ባሕታዊ። ፊትህ ብሩህ ነው፣ መምህርህ ማን ነው? ሲል ጠየቀው። ቡድሃ መምህር እንደሌለው፣ ራሱ እንደነቃ መለሰለት። ኡፓካ «ይሆናል፣ ወዳጄ» አለና ራሱን ነቅንቆ በሌላ መንገድ ሄደ። ከንቃቱ በኋላ ስለ ግኝቱ የሰማ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ጠየቀ እንጂ አልለመነም፤ መልስ አገኘ፣ ትምህርት ግን አላገኘም። በሳምንቱ ሙሉ እኔ ያደረግሁትም መጠየቅ ነበር፤ ደብተሬ ሞልቷል። ወደ ሳርናት ስቃረብ ከኡፓካ ይልቅ በታይላንድ ገዳም የተንበረከኩት አዛውንት በዓይኔ ይመጡ ነበር።

እሑድ፣ ሳርናት

ከቫራናሲ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዳሜክ ስቱፓ 43 ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ግንብ ነው፤ በወገቡ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ አሁንም ይለያል። በቤተ መዘክሩ የንጉሥ አሾካ የአንበሶች ራስ አለ፤ ሕንድ በ1950 (እ.ኤ.አ.) የመንግሥት አርማዋ ያደረገችው። ወደ ከተማው ከመገባቱ በፊት ያለው ቻውካንዲ የተባለው ጉብታ ቡድሃ አምስቱን የቀድሞ ጓደኞቹን ያገኘበት ነው ይባላል።

እነዚያ አምስቱ ጥለውት የሄዱ ናቸው፤ ጾሙን በመተዉ ተቆጥተው። ሲመጣ ባዩት ጊዜ አንነሣለትም ብለው ተማከሩ። ሲቀርብ ግን አንዱ ሳሕኑን ተቀበለው፣ አንዱ መቀመጫ አነጠፈ፣ አንዱ እግሩን ለመታጠብ ውኃ አመጣ። እንዲያም ሆኖ ሊሰሙት አልፈለጉም፤ ሦስት ጊዜ ተከራከሩት። «ከዚህ በፊት እንዲህ ብዬ ተናግሬ አውቃለሁ?» አላቸው። የለም አሉ፤ ጆሮ ሰጡት። ብራህማ ሦስቴ ለምኖ አሸነፈ፤ እዚህ ደግሞ ሦስቴ እንቢ የተባለው ቡድሃ ነው። ብራህማ የለመነላቸው ሰዎች እነዚህ ነበሩ፤ እነሱ ግን እንደተለመነላቸው አያውቁም።

ማታ በ1931 (እ.ኤ.አ.) በተከፈተው የሙላጋንዳ ኩቲ ቤተ መቅደስ መነኮሳቱ የመጀመሪያውን ስብከት በፓሊ አዜሙ። ከኋላዬ አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች የነበሩበት የሕንድ ቤተሰብ ነበር። ትልቋ ልጅ ምን እያሉ ነው? እያለች አባቷን ትጎትታለች፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ዜማው ሲያልቅ ጫማዬን በሩ ላይ እንደተውኩ ወደ አንድ አዛውንት መነኩሴ ቀርቤ ተንበረከክሁ፤ እጆቼንም አጋጥሜ «ባንቴ፣ ያሁኑን ንባብ ትርጉም ያስተምሩን» አልኩ።

«ለማን?» አሉኝ።

«ለእኔ፣ ለእነዚህ ቤተሰቦች፣ በቋንቋዬ ለሚያነቡትም።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ በፊታቸው ተቀመጡ፤ አባትየው ቆሞ ነበርና በእጃቸው ዝቅ በል አሉት። በሂንዲና በእንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ጀመሩ። መከተል የማይገቡ ሁለት ጽንፎች አሉ፤ ለሥጋ ምቾት መገዛትና ሥጋን ማሠቃየት። በመካከላቸው መንገድ አለ፤ መንገዱም ስምንት ክፍል አለው። አምስተኛው ላይ፣ ትክክለኛ መተዳደሪያ ላይ ሲደርሱ አባትየው ሱቅ እንዳለው ነገራቸውና የትኛው ንግድ ነው የተከለከለው? አለ። መሣሪያ፣ ሕያው ፍጡር፣ ሥጋ፣ አስካሪ መጠጥና መርዝ ብለው በጣታቸው ቆጠሩለት። ለጥቂት ጊዜ አሰበና ስድስተኛውን እንዲቀጥሉለት ለመናቸው።